ፍኖተ መስቀል ምሩ ስትባሉ፦ ከመንገዱ እስከ መዝጊያው ጸሎት

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ስለ ፍኖተ መስቀል፣ ማለትም «ምዕራፍ» በሚባሉ 14 መቆሚያዎች እየቆምን የጌታን ሕማም ስለምናስብበት የካቶሊክ ጸሎት፣ ያው ጥያቄ ይመጣል። «የዚህን ዓርብ ፍኖተ መስቀል የእናንተ ቡድን ይምራ ተባልን። ከየት እንጀምር?» ጠያቂዎቹ አንዴ ወጣቶች፣ አንዴ መዘምራን፣ አንዴ ደግሞ የባለትዳሮች ማኅበር ናቸው። መልሱ ለሁሉም ያው ስለሆነ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጽሑፍ ነው። «ጥሩ ጽሑፍ ካለህ ላክልን» ይሉኛል። ጽሑፉ ግን መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። ፍኖተ መስቀል በእግር የሚጸለይ ጸሎት ነው። ማን ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ ዝም እንደሚባል ሳይወሰን የፈለገውን ያህል ያማረ ጽሑፍ ብታነቡ፣ ሰው የሚሰማው የእግር ኮቴና የማይክ ጩኸት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ዝምታውን፣ ከዚያ ሰዉን አዘጋጁ። ጽሑፉ ይደርሳል።

መመሪያው በላቲን ሥርዓት ለሚሄድ ቁምስና ነው፤ ያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሚደረግ ፍኖተ መስቀል። ውጭ ለምታደርጉ ከታች ለብቻው ጥቂት አክዬአለሁ።

ቀድመው የሚነሡ ሦስት ጥያቄዎች

ካህን የግድ ነው ወይ? አይደለም። ምእመን፣ ካቴኪስት (የሃይማኖት ትምህርት አስተማሪ) ወይም ገዳማዊት እኅት መምራት ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ባለው ቡራኬ ነው፤ እሱን ደረጃ 9 ላይ እናየዋለን።

ስንት ዓርብ ነው? ጾሙ ከሚጀምርበት ከዐመድ ረቡዕ ቀጥሎ ካለው ዓርብ ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ከስቅለት በፊት 6 ዓርቦች አሉ። ስቅለት 7ኛው ነው። ቡድኖቹን ከወዲሁ በ6ቱ ላይ ደልድሉ። «ያኔ እናያለን» ከተባለ 4ኛውና 5ኛው ዓርብ ያለ ባለቤት ይቀራሉ፤ ሁሌም እንደዚያ ነው።

የግድ የሆነውስ ምንድን ነው? 14 ምዕራፎች፣ በየምዕራፉ መስቀል፣ የጌታን ሕማም ማሰላሰል፣ ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ቀጣዩ መሄድ። ሥዕል የተለመደና የሚረዳ ነው፤ ዋናው ግን መስቀሉ ነው። የምታነቡትን ጽሑፍ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው አንድ ወጥ ቃል ፈልጋችሁ አትጨነቁ፤ የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ የዑደት መስቀል፣ ባለ ዘንግ
- ሁለት ሻማ፣ ሰም የሚይዝ ክብ ማቀፊያ ያለው
- ገመድ አልባ ማይክ፣ ከትርፍ ባትሪ ጋር
- በጎን የሚቆም አትሮንስ
- ለአንባቢዎች በትልቁ የታተመ ጽሑፍ፣ በአቃፊ
- ለምእመናን መልሱና መዝሙሩ ብቻ ያለበት ግማሽ ገጽ ወረቀት
- ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ መብራት ለሚደበዝዝበት ቤተ ክርስቲያን
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ለመሪው

አበባ አያስፈልግም። በዐቢይ ጾም መሠዊያው በአበባ አይጌጥም፤ ከዚህ ውጭ የሚሆኑት የጾሙ 4ኛ እሑድና በመሐል የሚውሉ ታላላቅ በዓላት ብቻ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከቆሞሱ (ከቁምስናው ካህን) ጋር አጭር ንግግር

ሰኞ ወይም ማክሰኞ አባን አግኙና አራት ነገር ጠይቁ። ስንት ሰዓት ይጀመራል? ከኋላው ቅዳሴ አለ? ከፊቱ ኑዛዜ አለ? ቡራኬውን የሚሰጠው ማነው?

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ቅዳሴ የሚከተል ከሆነ ማለቂያችሁ ቁርጥ ነው፤ ከ11ኛው ምዕራፍ ጀምሮ መሮጥ አይቻልም። ኑዛዜ ካለ ደግሞ ካህኑ ከመጀመሪያው 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ እንዲቀመጥ ጠይቁ። ዓርብ ማታ ለፍኖተ መስቀል የሚመጣ ሰው ለንስሐም ልቡ ቅርብ ነው። «እግረ መንገዴን ልናዘዝ» የሚለው ሰው ካህኑን ካላገኘ ለሌላ ጊዜ ላይመለስ ይችላል።

ተጠንቀቁ፦ ቅዱስ ቁርባን ለስግደት ወጥቶ በተቀመጠበት ሰዓት ፍኖተ መስቀል አታድርጉ። ያኔ የሁሉም ዓይንና ልብ ወደ ቅዱስ ቁርባን ነው የሚሆነው፤ ሕዝቡን ወደ ግድግዳው ሥዕል ማዞር ሁለቱንም ጸሎት ያበላሻል። ስግደትና ቡራኬ ከታሰበ ፍኖተ መስቀሉን ጨርሱ፣ ከዚያ ቅዱስ ቁርባን ይውጣ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ በሆነበት ሰዓት ሁለት ሰው ሆናችሁ ከ1ኛው እስከ 14ኛው ሂዱ። አንዱ መስቀል እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ሌላው ይመልከትና ይጻፍ።

መጀመሪያ የምታዩት 1ኛው ምዕራፍ በየትኛው ጎን እንዳለ ነው። በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ወደ መሠዊያው ፊታችሁን ስታዞሩ በግራ ይጀምራል፤ በሌላው በቀኝ። ሌላ ቁምስና የለመደ ሰው ሳያስበው ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል።

ከዚያ የምዕራፎቹን ርቀት ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ 7ቱ በአንድ ግድግዳ፣ 7ቱ በሌላው ናቸው። ስለዚህ ከ7ኛው ወደ 8ኛው የሚደረገው ጉዞ ከሁሉም ረጅም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ከጎን ወደ ጎን ያቋርጣል። እዚያ ላይ መዝሙሩ ቀድሞ ያልቅና መስቀል ተሸካሚው በባዶ ጸጥታ ጫማው እየተሰማ ሲሄድ ታያላችሁ። ለዚያ ክፍተት አንድ ተጨማሪ አዝማች አስቀሩ። ሲያቋርጥ በቅዱስ ቁርባን ፊት የሚያልፍ ከሆነ መስቀልና ሻማ የያዙት ጉልበታቸውን አያንበረክኩም፤ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው ተሸካሚው ዘንጉን ይዞ ለመንበርከክ ሲሞክር ሲንገዳገድ ታያላችሁ።

ምሰሶ የጋረደው ምዕራፍ አለ? መብራት የማይደርስበትስ? ጻፉት።

አሁን ማን እንደሚንቀሳቀስ ወስኑ። ሕዝቡ ጥቂት ከሆነና መተላለፊያው ከሰፋ ሁሉም አብሮ ይሂድ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሞላ መስቀሉ፣ ሻማዎቹና መሪው ብቻ ይሂዱ፤ ሕዝቡ በቦታው ቆሞ ፊቱን ወደ ምዕራፉ ያዙር። ይህ የተፈቀደ ነው። ኢንዱልጀንስ የሚባለውን ሙሉ የቅጣት ሥርየት ለማግኘትም ያው ነው፤ ሁሉም በሥርዓት መንቀሳቀስ ካልቻለ ቢያንስ መሪው ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ይሂድ ነው የሚለው። ሌሎቹ የተለመዱት ቅድመ ሁኔታዎች እንዳሉ ናቸው፦ ኑዛዜ፣ ቅዱስ ቁርባን መቀበል፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር. ሊ. ጳ.) ሐሳብ መጸለይ፣ ከማንኛውም ኃጢአት ልብን ማራቅ። እንግዲህ መሪው አትሮንሱ ላይ ተተክሎ 14ቱንም ካነበበ መንገዱ ቀርቷል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን በሰከንድ ቁረጡ

ለአንድ ምዕራፍ እኔ የምጠቀምበት ይህን ነው፦

- ስሙን መጥራት፣ «እንሰግድልሃለን» እና መንበርከክ፦ 25 ሰከንድ
- የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ፦ 30 ሰከንድ
- ማሰላሰያ፦ 40 ሰከንድ
- ዝምታ፦ 20 ሰከንድ
- አጭር ጸሎት፦ 20 ሰከንድ
- ወደ ቀጣዩ እየሄዱ መዝሙር፦ 35 ሰከንድ

ድምሩ 170 ሰከንድ ነው። በ14 ሲባዛ 40 ደቂቃ ሊሞላ 20 ሰከንድ ይቀረዋል። መክፈቻና መዝጊያ ሲጨመር ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ካለፈ አረጋውያን መቆም ያቅታቸዋል፣ ልጆች ይቁነጠነጣሉ። በየምዕራፉ የምትጨምሩት አንድ ደቂቃ መጨረሻ ላይ 14 ደቂቃ ሆኖ እንደሚመጣ አትርሱ።

መቀነስ ካለባችሁ ማሰላሰያውን ቀንሱ እንጂ ዝምታውን አትንኩ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ዝምታውን ነው፤ ምክንያቱም ወረቀት ላይ አይታይም። ሰው የራሱን ነገር ለጌታ የሚያቀርበው ግን በእነዚያ 20 ሰከንዶች ነው።

ደረጃ 4፦ አሁን ጽሑፉን ያዙ

ለየምዕራፉ አንድ አጭር ንባብ ይበቃል። የሚከተለውን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ፦

1. ኢየሱስ ሞት ተፈረደበት፦ ማር. 15፥14-15
2. መስቀሉን ተሸከመ፦ ዮሐ. 19፥16-17
3. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀ፦ ኢሳ. 53፥4-5
4. ከእናቱ ጋር ተገናኘ፦ ሉቃ. 2፥34-35
5. የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ተሸከመለት፦ ማር. 15፥21
6. ቬሮኒካ ፊቱን ጠረገችለት፦ ኢሳ. 53፥2-3
7. ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ፦ ኢሳ. 53፥6-7
8. የኢየሩሳሌምን ሴቶች አጽናና፦ ሉቃ. 23፥27-28
9. ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ፦ መዝ. 22፥14-15
10. ልብሱን ተገፈፈ፦ ዮሐ. 19፥23-24
11. በመስቀል ላይ ተቸነከረ፦ ሉቃ. 23፥33-34
12. በመስቀል ላይ ሞተ፦ ሉቃ. 23፥44-46
13. ከመስቀል አወረዱት፦ ዮሐ. 19፥38
14. ተቀበረ፦ ማቴ. 27፥59-60

መዝሙር 22 በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 21 ነው። አንባቢው ከቤቱ በሚያመጣው መጽሐፍ እንዲያነብ ከተዋችሁት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን አንብቦላችሁ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ንባቡን ጽፋችሁ ስጡት።

ሦስቱ ውድቀቶችና ቬሮኒካ በወንጌል ተጽፈው አይገኙም፤ ከትውፊት የመጡ ናቸው። ለዚያ ነው ንባባቸው ከነቢያትና ከመዝሙር የሚወሰደው። ሙሉ በሙሉ ከወንጌል የተወሰደ ቅደም ተከተልም አለ፤ ከጌቴሴማኒ የሚጀምር ነው፣ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1991 በሮም ኮሎሲየም የስቅለት ዕለት ተጠቅመውበታል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳችሁ ላይ ካሉት ሥዕሎች ጋር አይገጥምም። ሕዝቡ የቬሮኒካን ሥዕል እያየ ስለ ጴጥሮስ ክህደት ይሰማል። ሥዕሎቹን መለወጥ ካልቻላችሁ የተለመደውን ያዙ።

ማሰላሰያውን ከ60 ቃል አታሳልፉ። 40 ሰከንድ ማለት ያ ነው። አንድ ማሰላሰያ አንድ ሐሳብ ይያዝ፤ በተቻለ መጠንም ሰው ነገ ቤቱ የሚያገኘውን። ለምሳሌ 5ኛው ምዕራፍ ላይ ስምዖን ፈልጎ እንዳልመጣ፣ ከገጠር ሲመለስ መንገድ ላይ ተይዞ እንደተገደደ አስታውሱ። የታመመች እናቱን ሌት ተቀን የሚያስታምም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እሱም አልመረጠውም፣ ደረሰበት። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብትሉ ይበቃል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ስብከት ይሆናል።

ተጠንቀቁ፦ ጥፋቱን በአይሁድ ሕዝብ ላይ የሚያላክክ ጽሑፍ አታንብቡ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው ሰነዱ፣ በጌታ ሕማም የሆነው ያኔ በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት፣ ዛሬ ባሉትም ላይ እንደማይላከክ በግልጽ ተናግሯል። አሮጌ የጸሎት መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ አነጋገር ይገኛል፤ ሳታነቡት ፎቶ ኮፒ አታድርጉ።

ሌላም አለ። ማሰላሰያው የቁምስናው ጠብ መወጫ አይሁን። «አንዳንድ ሰዎች እንደ ጲላጦስ እጃቸውን ይታጠባሉ» ሲባል ሁሉም ማን እንደተነካ ያውቃል። ሰዉዬውም ያውቃል።

ደረጃ 5፦ ሰው ምረጡ

የሚያስፈልጓችሁ፦ አንድ መሪ፣ አንድ መስቀል ተሸካሚ፣ ሁለት ሻማ ያዦች፣ አንባቢዎች፣ መዝሙር የሚያነሣ አንድ ጎበዝ ድምፅ፣ ማይኩን የሚጠብቅ አንድ ሰው፣ በር ላይ የሚቆም አንድ ሰው።

አንባቢ ሁለትም ይበቃል፣ 14ም ይቻላል። እኔ 7 እላለሁ፤ እያንዳንዱ ሁለት ምዕራፍ ያነባል። 14 ሲሆን ማይክ መቀባበሉ ጸሎቱን ይቆራርጠዋል። ሁለት ሲሆን ደግሞ ያው እሑድ እሑድ የምንሰማቸው ሰዎች ይሆናሉ።

ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ ከዚህ በፊት ተጠይቀው የማያውቁ ይሁኑ። በቅርቡ ወደ ቁምስናው የመጣ ሰው፣ ባልዋ የሞተባት እናት፣ ለሜሮን ወይም ለጥምቀት የሚዘጋጅ ወጣት። ቅዳሴ ላይ ለማንበብ ድፍረት ያጣ ሰው እዚህ ላይ እሺ ይላል፤ ከቁምስናው ጋር የሚተዋወቀውም እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ስትጠይቁ በአካል ጠይቁ። በቴሌግራም ግሩፕ «ማን ያነባል?» ብላችሁ ብትጽፉ እጁን የሚያወጣው ያው የለመደው ነው።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱ

የአንባቢው ጽሑፍ በ16 ነጥብ ፊደል፣ በአንድ ገጽ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይሁን። ዝምታውን በጽሑፍ አስገቡት፦ «ዝም በል። እስከ 20 ቁጠር።» ካልተጻፈ አይደረግም።

ለምእመናን ሙሉውን ጽሑፍ አታድሉ። ሙሉውን ካገኙ ሁሉም አቀርቅሮ ያነባል፤ ገጽ ሲገለበጥ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ይበቃል። መልሱንና መዝሙሩን ብቻ ስጡ። እጁ ባዶ የሆነ ሰው ቀና ብሎ ምዕራፉን ያያል። ጆሮአቸው ለደከመ ግን ጥቂት ሙሉ ቅጂ በር ላይ ይኑር።

መዝሙሩን አንድ ብቻ ምረጡና በየጉዞው አንድ አንድ አንቀጽ ዘምሩ። ሃሌ ሉያ ያለበት አይሁን፤ በዐቢይ ጾም እስከ ትንሣኤ ዋዜማ አይዘመርም። ኪቦርድ ወይም ኦርጋን ካለ ዜማውን ለመደገፍ ብቻ ነው። በምዕራፎች መሐል ለብቻው የሚንቆረቆር ሙዚቃ አታስገቡ፤ የጾሙን ጸጥታ ይሰርቃል።

ደረጃ 7፦ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ተለማመዱ

14ቱንም መለማመድ ሰው ያሰለቻል። 1ኛውን፣ ከ7ኛው ወደ 8ኛው የሚደረገውን ጉዞና 12ኛውን ተለማመዱ። 1ኛው አጀማመሩን ያስተካክላል፣ ማቋረጫው ረጅሙን መንገድ፣ 12ኛው ረጅሙን ዝምታ። አንባቢዎች ማይኩን ይዘው ያንብቡ። ያለ ማይክ ቆንጆ ያነበበ ሰው ማይክ ሲይዝ ይጮኻል፣ ወይም ማይኩን ደረቱ ላይ ያደርገዋል።

ደረጃ 8፦ ዕለቱ

ከ30 ደቂቃ በፊት ድረሱ። ባትሪ ቀይሩ። ሻማዎቹን አንዴ ለኩሱና አጥፉ፤ አዲስ ክር ቶሎ አይያዝም። አትሮንሱን በጎን አቁሙ። ቃለ እግዚአብሔር በቅዳሴ የሚነበብበት ዋናው አትሮንስ ለዚያ የተለየ ስለሆነ ለፍኖተ መስቀል አትጠቀሙበት።

በር ላይ ያለው ሰው ወረቀት ብቻ አያድል። መንበርከክ የሚከብዳቸውን ወደ ምቹ ቦታ ይምራ፣ «ባሉበት ዝቅ ማለት ይበቃል» ይበላቸው። ይህ ካልተነገራቸው አረጋውያን በ14ቱም ምዕራፍ ጉልበታቸውን ሊያንበረክኩ ይታገላሉ።

በየምዕራፉ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. መስቀሉና ሻማዎቹ ምዕራፉ ጋር ደርሰው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ ያዞራሉ።
2. መሪው የእግር ድምፅ እስኪያቆም ይጠብቃል። ይህ ትንሽ ትዕግሥት ከሁሉም ይልቅ ለውጥ ያመጣል።
3. መሪው፦ «5ኛ ምዕራፍ፦ የቀሬናው ስምዖን የጌታን መስቀል ተሸከመለት።»
4. መሪው፦ «ክርስቶስ ሆይ፣ እንሰግድልሃለን፣ እናመሰግንሃለንም።» ሁሉም ይንበረከካል።
5. ሕዝቡ፦ «በቅዱስ መስቀልህ ዓለምን አድነሃልና።» ሁሉም ይነሣል።
6. ንባብ፣ ከዚያ ማሰላሰያ።
7. ዝምታ። መሪው ሰዓቱን ይይ። 20 ሰከንድ ለሚመራ ሰው በጣም ይረዝምበታል፤ ለሚጸልየው ግን አጭር ነው።
8. አጭር ጸሎት፣ ወይም «አባታችን ሆይ»።
9. መዝሙሩ ይነሣል፤ መስቀሉ የሚንቀሳቀሰው መዝሙሩ ከተጀመረ በኋላ ነው።

12ኛው ላይ ይህ ይለወጣል። «ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» የሚለው እንደተነበበ ሁሉም ይንበረከክና ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም ይባላል። ማሰላሰያው ከዝምታው በኋላ ይምጣ፤ ወይም ጭራሽ ይቅር። እኔ እንዲቀር ነው የምመርጠው። ሕፃን ቢያለቅስ፣ ወንበር ቢንቋቋ፣ መሪው ደንግጦ ዝምታውን አያቋርጥ።

ደረጃ 9፦ መዝጊያው

14ኛው ሲያልቅ መስቀሉ ወደ መሠዊያው ፊት ይመለሳል። ስለ ትንሣኤ አጭር ጸሎት ይጨመር፤ ሰው መቃብር ላይ ተትቶ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። አንዳንድ ቁምስና ትንሣኤን 15ኛ ምዕራፍ ያደርገዋል፤ ችግር የለውም፣ 14ቱን ግን አይተካም። ከዚያ በር. ሊ. ጳ. ሐሳብ «አባታችን ሆይ»፣ «ሰላም ለኪ» እና «ስብሐት ለአብ» ይባላል።

ካህን ወይም ዲያቆን ካለ ይባርካል። ከሌለ ምእመኑ መሪ እጁን ዘርግቶ ሕዝቡን አይባርክም። በራሱ ላይ እያማተበ «ጌታ ይባርከን፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቀን፣ ወደ ዘላለም ሕይወትም ያድርሰን» ይላል፤ ሕዝቡም አብሮ አማትቦ «አሜን»። ልዩነቱ «ይባርካችሁ» እና «ይባርከን» ላይ ነው።

ማስታወቂያ ካለ ከመዝጊያው ጸሎት በፊት፣ ያውም አንድ ብቻ። መብራት ቶሎ አታብሩ፣ በሩንም ቶሎ አትዝጉ። ተቀምጦ የሚቀር ሰው ሁሌ አለ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

*መስቀል ተሸካሚው ይፈጥናል።* ብዙ ጊዜ ወጣት ነውና እግሩ ፈጣን ነው። ሻማ ያዦቹን ቀስ የሚሉ አዋቂዎች አድርጉ፤ እሱም ከእነሱ ጋር ይሄዳል።

*አንባቢው ተዋናይ ይሆናል።* የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ለቅሶ፣ የጲላጦስ ድምፅ በወፍራሙ። በግልጽና በዝግታ ማንበብ ይበቃል። ስሜቱን ለሰሚው ተዉለት።

*ሁለት መሪ።* አንዱ «እንነሣ» ይላል፣ ሌላው «እንንበርከክ»። ትእዛዝ ከአንድ አፍ ብቻ ይውጣ።

*ፎቶ ማንሳት።* ለቁምስናው ገጽ ፎቶ ከተፈለገ በልምምዱ ዕለት አንሱ። በጸሎቱ መሐል ስልክ ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ የሚያነሳ ሰው ከመስቀሉ ፊት መቆሙ አይቀርም።

*ልጆቹን መርሳት።* ለብቻቸው አጭር ፍኖተ መስቀል ካልተዘጋጀላቸው ቢያንስ ከፊት አስቀምጧቸው። ከኋላ ሆነው የሚያዩት የሰው ጀርባ ነው።

ውጭ ከሆነ

14 መስቀሎች ያስፈልጋሉ፤ ዛፍ ወይም አጥር ላይ የሚታሰር ቀላል እንጨት ይበቃል። የቆሞሱን ፈቃድ፣ ጎዳና የምትወጡ ከሆነም የሚመለከተውን አካል ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ። ትልቅ መስቀል ከተሸከማችሁ በየምዕራፉ ተሸካሚ ቀይሩ፤ ስም ዝርዝሩ አስቀድሞ ይጻፍ። ያለበለዚያ ጉልበተኞቹ ከእጃቸው አይለቁትም፤ ሊሸከም የፈለገው አዛውንትም ሳይደርሰው ያልቃል። የፊተኛው ሰው ፍጥነት በኋለኛው ይለካ። ድምፅ ማጉያው ከሰልፉ መሐል ይሁን እንጂ ከፊት አይሁን።

ስቅለት ዕለት

የዕለቱ ዋና ጸሎት ከሰዓት በኋላ የሚደረገው የጌታ ሕማም ሥርዓት ነው። ቅዳሴ የለም። ፍኖተ መስቀሉን ከዚያ ጋር አታጋጩት፤ ጠዋት ወይም ማታ አድርጉት። ሕዝቡ ሁለቱንም በተመሳሳይ ሰዓት ካገኘ የለመደውን መርጦ ዋናውን ይተዋል።

ዕለቱ የጾምና ከሥጋ የመታቀብ ቀን ነው። ጾሙ 18 ዓመት ከሞላው ጀምሮ 60ኛውን ዓመት እስኪጀምር ድረስ ያለውን ያስገድዳል፤ ከሥጋ መታቀቡ 14 ዓመት የሞላውን ሁሉ። የታመመ ሰው አይገደድም። ውኃ መጠጣት ጾሙን አያፈርስም፤ መስቀል ለሚሸከሙ ይህን ንገሯቸው፣ ውኃም ይዘጋጅ። በየዓመቱ አንድ ሰው ራሱን ስቶ የሚወድቀው ውኃም የማይጠጣ ስለሚመስለው ነው።

ቤት ለቀሩት

ከቤት መውጣት የማይችሉ የቁምስናችሁን ሰዎች ስም ከአባ ወይም ከበሽተኞች ጠያቂ ማኅበር ተቀበሉ። በቂ ምክንያት ኖሮት መምጣት ያልቻለ ሰው የጌታን ሕማም እያነበበና እያሰላሰለ ጥቂት ጊዜ፣ ለምሳሌ 15 ደቂቃ ቢቆይ ደረጃ 2 ላይ ያነሣነውን ሙሉ የቅጣት ሥርየት ማግኘት ይችላል። ስለዚህ ከአንባቢዎቹ አንዱ ሐሙስ ዕለት ሙሉውን ጽሑፍ በትልቁ አትሞ ያድርስላቸው፤ የሚጀመርበትንም ሰዓት ይንገራቸው፣ በዚያው ሰዓት እንዲጸልዩ። ማንበብ የማይችሉ ካሉ አንድ ሰው ሄዶ ያንብብላቸው። 14ቱንም ማንበብ ካደከማቸው 12ኛው ብቻውን ይበቃቸዋል።